ለመንገደኞቹ ብቻ የተፈታ ግዝት

ኮምፒውተሩ የሞተው ስልሳ አራት ባዶ ገጽ ሜሞሪ በእጁ ይዞ ነው። የገደልኩትም እኔ ነኝ። አሁን ይህን ስጽፍ እየሳቅኩ ነው፤ ያን ቀን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ላስቀምጠው። ደብረ ታቦር ላይ የኮምፒውተር ሳይንስ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በትምህርት ክፍላችን ያሉ ትልልቅ ተማሪዎች ከክፍል ውጭ እየተገናኙ የራሳቸውን ትንሽ ከርነል ይጽፋሉ። ከርነል ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣ፣ እስኪጠፋም ድረስ ሥራ የማይፈታ ፕሮግራም ነው። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሜሞሪ ሲፈልጉ የሚጠይቁት እሱን ነው፤ እሱም ሜሞሪውን እኩል እኩል ከፋፍሎ ይዞ ለጠየቀው ያድላል። አንዱን ክፋይ ገጽ እንለዋለን። ከርነሉ ገጽ ሲሰጥና ሲቀበል ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ሲወርድና ሲወጣ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ምሳ መብላት ረሳሁ። ይህ ሁሉ ማደልና መቀበል በየቀኑ በኪሴ በያዝኩት ስልክ ውስጥም ሲካሄድ እንደኖረ ማሰብ ብቻ ያስደንቀኝ ነበር።

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የሚያግዘን ሰው እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት አየሁና ሄድኩ። በላስቲክ የተሸፈነ ደብተርና ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ይዤ ነበር። የቡድኑ መሪ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ሁሉም «አለቃ» ይለዋል። ደብተሬን ከላይ እስከ ታች አየና፣

«አንቺ፣ የመጣሽው ከርነል ልትጽፊ ነው ወይስ ቃለ ጉባኤ ልትይዢ?» አለኝ።

«ሁለቱንም እችላለሁ» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

አለቃ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ሥራዬን አስረዳኝ። «ሜሞሪው እያለቀ ሲሄድ ከርነሉ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ጠራጊ የምንለው ክፍል አለው። ጠራጊው ከቆዩት ገጾች አንዳንዶቹን ዲስክ ላይ ይጽፍና ገጾቹን ባዶ ያደርጋቸዋል። ያኔ ለሌላ ይሰጣሉ። እሱ ሥራውን እስኪሠራ ግን ሜሞሪው ጨርሶ እንዳይሟጠጥ ከታች መጠባበቂያ መኖር አለበት። መጠባበቂያውን አንቺ ያዢልን።»

«ስንት ገጽ?»

«ስልሳ አራት ይበቃል። የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ መምህሩ መጥተው ያያሉ። ከያዘልሽ ከእኛ ጋር ትቆያለሽ። ካልያዘ…» ትከሻውን ሰበቀ። «ሁለተኛ ዓመት ስትደርሺ እንገናኛለን።»

በነጩ ሰሌዳ ጥግ የአባላቱ ስም ተዘርዝሮ ነበር። የኔን ከሁሉም በታች ጨመረና ከጎኑ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አደረገበት። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ላብራቶሪው በገባሁ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ምልክት ነበር።

ኮዱን በሁለት ቀን ጨረስኩት። ባዶዎቹ ገጾች ስልሳ አራት ላይ ሲደርሱ በሩ ይዘጋል። ገጽ የጠየቀ ሁሉ ተራ ይዞ ይጠብቃል፤ ጠራጊውም ተቀስቅሶ ሥራ ይጀምራል። ከኮዱ በላይ ለሚያነበው ሰው ማስታወሻ ጻፍኩ፦ «ይህ መጠባበቂያ በምንም ምክንያት፣ ለማንም አይነካም!!!» ሦስቱን ቃለ አጋኖ አስቤበት ነው ያደረግኳቸው። አለቃ አነበበና «ጥብቅ ነሽ፤ ወድጄዋለሁ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ በአየር ላይ ስሄድ ዋልኩ።

ብቻ አንድ ነገር አላማረውም። «ገጽ ሲለቀቅ መጀመሪያ ወደ ክምችቱ ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና ተቆጥሮ ይሰጣል። ለምን ይንከራተታል? ተራ የሚጠብቅ ካለ በቀጥታ ለእሱ ይሰጥ» አለ። ደስ እንዲለው እዚያው ተቀምጬ ለወጥኩት። የተለቀቀ ገጽ ከእጅ ወደ እጅ እንዲተላለፍ አደረግኩ። ፍጥነቱ ጨመረ። በድጋሚ ተመሰገንኩ።

የዲስኩን ክፍል የምትጽፈው ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ቁጥብ ናት፣ ስትናገር ግን ትዋጋለች። እሷም በሩ ላይ አስቁማኝ፣ «ልብ በይ፣ ጠራጊው ዲስክ ላይ በጻፈ ቁጥር የኔ ኮድ ሁለት ባዶ ገጽ ይፈልጋል። ሲጨርስ ይመልሳል» አለችኝ። «እሺ» አልኩና በአረንጓዴ እስክሪብቶ ጻፍኩት። አሁን ደብተሩን ገልጬ ሳየው ጽሑፉ በጣም ያምራል። ምን ማለት እንደሆነ ግን ቆም ብዬ አላሰብኩም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሞከርነው። አለቃ ለሙከራ የሠራው ፕሮግራም አለ፤ ስሙን «ሆዳሙ» ብሎታል። ሥራው ገጽ መጠየቅ ብቻ ነው፤ የተወሰነለት ቁጥር እስኪሞላ የተሰጠውን ይዞ እንደገና ይጠይቃል። ሆዳሙን ለቀቅነው። ባዶዎቹ ገጾች ከሺህ ወደ አምስት መቶ፣ ከአምስት መቶ ወደ መቶ ወረዱ። ስልሳ አራት ላይ ደረሱ። ቆሙ።

«ያዘ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ይዟል» አለች የዲስኳ ልጅ። «አልለቅ ብሎ ይዟል።»

እውነትም ምንም አይንቀሳቀስም። ሆዳሙ ቆሟል፣ ጠራጊው ቆሟል፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት እንኳ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ስልሳ አራት የሚለው ቁጥር ብቻ አፍጥጦ ያየኛል።

«ጎተራ ሙሉ እህል ይዞ በረሃብ የሞተ ከርነል!» አለ አለቃ ራሱን ይዞ። «ሬሳውን ማን ነው የሚያነሣው?»

መጠባበቂያው አንሶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። መቶ ሃያ ስምንት አደረግኩት። ከመጀመሪያው ቀድሞ ሞተ።

«እንግዲህ ሁለት መቶ አድርጊውና ሳይበራ ይሙት» አለች የዲስኳ ልጅ። ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ የጥያቄ ምልክቱን ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞሬ ነው የወጣሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጋፋት ሄድኩ። የአያቴ ታላቅ እህት እዚያ ናቸው። ባላቸው ካረፉ በኋላ ቆብ ስለጫኑ ሁላችንም እማሆይ እንላቸዋለን። ዘጠና ማለፋቸው እንጂ ስንት እንደሆኑ በትክክል የሚያውቅ የለም። ሲጠየቁ «ጣሊያን ሲገባ ውኃ እቀዳ ነበር» ይላሉ፤ ከዚያ በላይ ማስላት የጠያቂው ፈንታ ነው።

በረንዳው መደብ ላይ የጥር ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠው ነበር። ከጎናቸው የሬዲዮናቸው ባትሪ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ሲደክሙ ፀሐይ ላይ ያሞቋቸዋል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። የገብስ ቆሎ አቀረቡልኝ።

«ምነው ከሳሽ? አያበሏችሁም?»

«ያበሉናል እማሆይ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«የምን ሥራ ነው የያዝሽው?»

ለትልቅ ሰው ማስረዳት እወዳለሁ። ስለዚህ በሚገባቸው መንገድ ለመናገር ተዘጋጀሁ። «አንድ ትልቅ ቤት አለ ይበሉ። እኔ የቤቱን ቦታ ለጠየቀው ሰው አድላለሁ።»

«ምን የተቀመጠበት ቦታ?»

«ምንም ያልተቀመጠበት። ባዶ ቦታ።»

«ባዶ ቦታ ነው የምታከፋፍይው?»

«አዎ።»

«ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ?»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ቀጠልኩ። ቤቱ ሲሞላ የቆየውን ዕቃ እየተሸከመ ሩቅ ጎተራ የሚያደርስ ሰው እንዳለ፣ እሱ ሲያወጣ ቦታ እንደሚለቀቅ፣ ቦታው ጨርሶ እንዳያልቅ ደግሞ የመጨረሻዋን ጥግ እኔ እንደምጠብቅ ነገርኳቸው። «ያችን ጥግ ማንም እንዳይነካት አጥብቄ ከልክያለሁ። ግን ቤቱ በሞላ ቁጥር ሁሉም ነገር ደርቆ ይቆማል። ለምን እንደሆነ አላወቅንም።»

«ማንም እንዳይነካት?»

«ማንም» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

እማሆይ ቆባቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። «አዬ ልጄ! የኛን ጉድጓድ ቆፍረሽዋላ!»

የምን ጉድጓድ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቆባቸውን አስተካከሉና ነገሩኝ። በጣሊያን ጊዜ የሚኖሩት እዚህ አልነበረም፤ ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ ደጋ፣ ሰባት ቤት ብቻ ያለበት መንደር ነበር። ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽግ ሠርቶ ከባንዳው ጋር እየወጣ እህል ይወስዳል። ሰባቱ ቤት ተማክረው የዘር ገብሳቸውን አንድ ላይ አደረጉና ከበረቱ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። በላዩም አዛባ አለበሱት። ከብት የሚተኛበት ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም።

«ጠላቱንስ በአዛባው አታለልነው» አሉ እማሆይ። «የፈራነው የራሳችንን ሆድ ነበር። ክረምት ሳይገባ አውጥተን ብንበላውሳ? ምን እንዘራለን? ስለዚህ የነፍስ አባታችንን ለመንናቸው። መጡና መስቀላቸውን አውጥተው ገዘቱ። ‘የተራበ ቢሆን፣ የታመመ ቢሆን፣ ዘር እስኪዘራ ድረስ ይህን ጉድጓድ የከፈተውን በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቻለሁ’ አሉ። ሁሉም እሰይ አለ። እናቴ እልል አለች።»

«ጥሩ አደረጉ» አልኩ። የእኔን ሦስት ቃለ አጋኖ አስታወስኩ።

«ጥሩ? ስሚ እንጅ! ቄሱ ወዲያው ወንዙን ተሻግረው ዱር ገቡ፣ ካርበኞቹ ጋር። ጣሊያኑ መጣ፤ ከላይ የነበረውን እህል ጠርጎ ወሰደው። የቀረው የጉድጓዱ ብቻ ሆነ። ወንዶቹ እብናት ወርደው በሁለት ቡልኮ እህል ለውጠው ሊመጡ ተነሡ። አህያውን ጫኑ፣ ቡልኮውን ጠቀለሉ። ስንቅስ?»

«ስንቅስ?» አልኩ እኔም።

«የለማ! በሶ የሚሆን አንድ ቁና ገብስ የለም። ገብሱ እዚያው እግራቸው ሥር ነው፤ ግን ተገዝቷል። ያለስንቅ ደግሞ እብናት አይደረስም፤ መራብ ከጀመሩ ሰንብተዋል። ሦስት ቀን አህያው ደጅ ላይ ቆመ። አባቴ በረቱ አጥር ላይ ተደግፎ አዛባውን ያያል። እህል የሚያመጡት ሰዎች እህል አጥተው፣ እህል ላይ ቆመው…»

የያዝኩት ቆሎ ከእጄ ወደቀ። አረንጓዴው ጽሑፍ ፊቴ ላይ መጣ፦ ጠራጊው ዲስክ ላይ በጻፈ ቁጥር ሁለት ባዶ ገጽ ይፈልጋል። ጠራጊው ሁለት ገጽ ሲጠይቅ የእኔ ኮድ ምን አለው? በሩ ተዘግቷል፣ ጠራጊው ገጽ እስኪያስለቅቅ ተራ ይዘህ ጠብቅ አለው። ጠራጊው የቆመው ራሱን እየጠበቀ ነው! መጠባበቂያውን ወደ መቶ ሃያ ስምንት ሳሳድገው ደግሞ ያደረግኩት በሩን ቀደም ብሎ መዝጋት ብቻ ነበር።

«ከዚያስ? ከዚያስ ምን ሆነ?» መሬት ላይ ተንበርክኬ ነበር።

«እናቴ አያትሽን ታጠባ ስለነበር የሰባቱም ቤት ወተት ለሷ ይሰጣት ነበር። አቅም የነበራት እሷ ብቻ ናት። ሕፃኗን አዝላ ወንዝ ተሻግራ ቄሱን አገኘቻቸው። ግዝቱን ይፍቱልን አለቻቸው። እሳቸውም ‘ለሁላችሁ አልፈታም፤ ለመንገደኞቹ ብቻ ፈትቻለሁ። ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቁና’ አሏት…»

«ለመንገደኞቹ ብቻ!» ብዬ ተነሣሁ። ጫማዬን ግራና ቀኙን አምታትቼ አጠለቅኩ።

«ወዴት ነሽ? አላለቀም እኮ!»

«ገብቶኛል እማሆይ! እግዜር ይስጥልኝ!»

«ሲመለሱ ያሉትን ሳትሰሚ!» ሲሉ ከኋላዬ ይሰማኛል። እኔ ግን አጥሩን አልፌ ነበር። እስከ ከተማው ድረስ ያለውን መንገድ ግማሹን በሩጫ ነው የሄድኩት። የመንደሩ ውሾች ሌባ መስያቸው ተከትለውኛል።

ኮዱን ለመለወጥ የፈጀብኝ ከምሳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ለጠራጊው አንድ ምልክት ሰጠሁት፤ ምልክቱን «መንገደኛ» አልኩት። በሩ ሲዘጋ ከርነሉ ጠያቂውን ያያል፤ መንገደኛ ከሆነ ከመጠባበቂያው ሁለት ገጽ ይሰጠዋል፤ ከሁለት ግን አያልፍም። ምልክቱን የሚሰጠው ከርነሉ ራሱ ነው፤ ማንም ፕሮግራም ተነሥቶ መንገደኛ ነኝ ማለት አይችልም።

ሰኞ ሆዳሙን ለቀቅነው። ስልሳ አራት ላይ ሲደርስ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አልኩ። ቁጥሩ ስልሳ ሁለት ሆነ። ጠራጊው ተነሣ! ዲስኩ መሥራቱን የምታሳየው ትንሽ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች። ሆዳሙ ቀጠለ፣ በላ፣ በላ፣ ፕሮግራሙም እስከ መጨረሻው ሄዶ በሰላም አለቀ። አለቃ አንገቱን እየነቀነቀ፣ «ሬሳው ተነሣ» አለ። የዲስኳ ልጅ ፈገግ አለች፤ ለእሷ ይህ ብዙ ነው። ወደ ሰሌዳው አየሁ። የጥያቄ ምልክቱ እዚያው ነው።

«እሱስ?» አልኩ፣ በአገጬ እያመለከትኩ።

«መምህሩ አንድ ሆዳም ይዘው የሚመጡ ይመስልሻል?» አለ አለቃ።

ረቡዕ ሁለት ሆዳሞች አንድ ላይ ለቀቀበት። ለረጅም ጊዜ በደንብ ሄደ። እኔ ግን ቁጥሩን ነበር የማየው። ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ፣ ሃምሳ ስምንት። ይወርዳል እንጂ አይመለስም። አርባ። ሃያ። ስድስት። ዜሮ ላይ ሲደርስ ሁሉም እንደ ዓርቡ ቀጥ አለ።

«በዚህኛው ጊዜ እንኳ ጎተራው ባዶ ነው» አለ አለቃ። «መሻሻል ነው።»

እሱ ቀለደ፤ እኔ ግን የቀረኝ አንድ ቀን ብቻ ነበር። ጠራጊው የተበደረውን ሁለት ገጽ መመለሱን አረጋገጥኩ፤ ይመልሳል። ታዲያ የት ይሄዳል? ኮዱን ስገልጥ ስመልስ ዋልኩና የእማሆይ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ፦ ሲመለሱ ያሉትን ሳትሰሚ! ወዲያው አንድ ጉጉት ያዘኝ። የማላውቀው ነገር ለካ እዚያው መደብ ላይ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትምህርት አልነበረንም። ጋፋት ስደርስ እማሆይ ዳዊታቸውን ይዘው ነበር፤ እጃቸውን አንሥተው ጠብቂ አሉኝ። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን እያወዛወዝኩ ጠበቅኩ። ዳዊቱን ስመው ሲዘጉት፣

«መጣሽ? እኔስ ያን ቀን ጅብ ያየሽ መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

«ይቅር ይበሉኝ እማሆይ። ሲመለሱ ምን አሉ?»

«ማን?»

«ቄሱ! መንገደኞቹ ከእብናት ሲመለሱ።»

«እህ።» ሆን ብለው ቀስ አሉ፤ ቀጡኝ። «ቄሱ ለናቴ ያሏት ምንድን ነው፣ ‘ሲመለሱ ድስት ከመጣዱ በፊት ጉድጓዱ ይሙላ።’ መንገደኞቹም ስንቃቸውን ይዘው ሄዱ፤ በስንተኛው ቀን ማሽላና ገብስ ጭነው መጡ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። አያትሽ ታለቅሳለች፤ ያን ጊዜ የናቴም ጡት ደርቆ ነበር። እኔ እንስራዬን ጥዬ ወደ አህያው ሮጥሁ። አባቴ በእጁ ከለከለኝ። በተዘረጋ እጅ ሁሉ መካከል አልፎ ሄደና በረቱን ከፍቶ፣ ከጉድጓዱ የወጣውን ያህል ገብስ ሰፍሮ መለሰ። አያትሽ እያለቀሰች! አንዲት ፍሬ ለማንም ሳይሰጥ! ያን ጊዜ ያን ጉድጓድ እንደጠላሁት ማንንም አልጠላሁ።»

ዳዊታቸውን ከጎናቸው አኑረው ቀጠሉ።

«ከዚያ በኋላ ማሽላው ተፈጨ፤ በላን። ሲያልቅ እንደገና ሄዱ፣ እንደገና ስንቃቸውን ከዚያው አወጡ፣ እንደገና መለሱ። ክረምት ሲገባ ገብሱ ሳይጎድል ተዘራ። ከተዘረጋው እጅ ቢጀምር ኖሮ ግን ሁለተኛውን መንገድ የሚሄድበት ስንቅ አልነበረም። አንችም እዚህ መጥተሽ ባዶ ቦታ አታከፋፍይም ነበር።»

የተዘረጉት እጆች! አለቃን ደስ ለማሰኘት የጻፍኩት ያ ነገር፣ የተለቀቀ ገጽ በቀጥታ ተራ ለሚጠብቀው እንዲተላለፍ ያደረግኩት! ጠራጊው ሁለቱን ገጽ ይመልሳል፣ ነገር ግን በሩ ላይ የቆመው ሆዳም ከእጁ ይነጥቀዋል፤ ወደ መጠባበቂያው የሚደርስ የለም። አንድ ሆዳም ሲሆን ጉድለቱ ሳይታወቅ ሥራው ያልቃል። ሁለት ሲሆኑ ጉድጓዱ ይሟጠጣል።

በዚህኛው ጊዜ ብድግ አላልኩም። እግሬ ቢፈልግም ያዝኩት።

«አለቀ እማሆይ?»

«አለቀ። አሁን ሩጭ» አሉኝ፣ እየሳቁ።

ማስተካከያው አራት መስመር ነበር። ገጽ ሲለቀቅ ከርነሉ መጀመሪያ መጠባበቂያውን ያያል፤ ስልሳ አራት ካልሞላ ገጹ ወደዚያ ይገባል፤ ሲሞላ ብቻ ለጠበቀው ይሰጣል። ዓርብ ጠዋት ለአለቃ አሳየሁት። «ይዘገያል እኮ» አለ።

«በትንሹ ይዘገያል» አልኩት። ለእሱ እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው። «ግን አይሞትም።»

መምህሩ ከሰዓት በኋላ መጡ፤ መነጽራቸውን አጥልቀው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ሦስት ሆዳም» አሉ። አለቃ ወደ እኔ አየና ለቀቃቸው።

ቁጥሩ ወረደ። መቶ። ሰባ። ስልሳ አራት። ስልሳ ሁለት። ሆዳሞቹ ሦስቱም በሩ ላይ ቆሙ። የዲስኩ መብራት ብልጭ አለች። ከዚያም፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ስልሳ ሁለት የነበረው ስልሳ አራት ሆነ! ሆዳሞቹ ትንሽ ትንሽ ተሰጣቸው። እንደገና ስልሳ ሁለት፤ እንደገና ስልሳ አራት። እንደሚተነፍስ ሰው ደረት ይወርዳል፣ ይነሣል። የዲስኳ ልጅ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ ማታ ሳየው የጣቷ ምልክት ቀርቶበታል። መምህሩ ሻያቸውን እስኪጨርሱ አየን። አልቆመም።

«ሐሳቡን ከየት አገኘሽው?» አሉኝ።

«ከአያቴ እህት ነው» አልኩና ስለ ጉድጓዱ ነገርኳቸው። ሊስቁብኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ «የኛም መንደር ጉድጓድ ነበረው» ብቻ አሉ። ሲወጡ ለአለቃ፣ «ይህን ክፍል እንዳትነኩት» አሉት።

አለቃ ወደ ነጩ ሰሌዳ ሄደ። ማጥፊያውን ፈልጎ ስላጣው በሹራቡ እጅጌ የጥያቄ ምልክቱን ጠረገው። «አሁን ቃለ ጉባኤውን ያዢ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያዝኩ። በሦስቱም ቀለም።

ያን የድሮ ማስታወሻዬንም ከኮዱ ላይ አጠፋሁት። በምትኩ ማን እንደሚወስድ፣ ስንት እንደሚወስድ፣ መቼ እንደሚመልስ በሦስት መስመር ጻፍኩ። ቃለ አጋኖ የለውም።

በማግስቱ ለእማሆይ አራት አዲስ የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። ጉዳዩን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ጉድጓዱ ሞላ?»

«ሞልቷል እማሆይ።»

መረቁኝ። አዲሶቹን ድንጋዮች ተቀብለው አገላበጧቸውና በጨርቅ ጠቅልለው ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉባቸው። አሮጌዎቹ መደቡ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው።

«ማንም እንዳይነካቸው?» አልኳቸው።

«ማንም» አሉ ቆጣ ብለው። የሳጥኑን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አሰሩት። ከዚያ ሬዲዮናቸውን በዓይናቸው ገረፍ አድርገው፣

«የዜና ሰዓት ካልደረሰ» አሉ።